«የጄኔራል ሊ ቤት» የማን ነበር? የአርሊንግተን ሃውስ ታሪክና ባለቤቶቹ

የፖቶማኩ፦

ሰላም ለመድረኩ አባላት። ከዋሽንግተን ዲሲ ተነስቶ በመታሰቢያው ድልድይ ላይ የፖቶማክን ወንዝ የሚሻገር ሰው ከፊቱ ባለው ኮረብታ አናት ላይ ግዙፍ ዓምዶች የተደረደሩለት ቤት ያያል። የምኖረው ከኮሎምቢያ ፓይክ መንገድ አጠገብ ስለሆነ ወደ ሥራ ስሄድም ስመለስም ዓይኔ እዚያው ላይ ያርፋል። ስሙ አርሊንግተን ሃውስ ነው። በዙሪያው ያለው መሬት ዛሬ ብሔራዊ የመቃብር ስፍራ ሆኗል። ሰው ግን «የጄኔራል ሊ ቤት» ይለዋል፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከሰሜኑ መንግሥት ጋር የተዋጋውን የደቡቡን ጦር የመራው ሮበርት ሊ ማለት ነው። በሕግም የሮበርት ሊ መታሰቢያ ተብሎ ተሰይሟል።

ይህ አጠራር ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ሮበርት ሊ ለአንዲት ቀን እንኳ የዚህ ቤት ባለቤት ሆኖ አያውቅምና። ስለዚህ የቤቱን ባለቤቶች ከመጀመሪያው አንስተን እንድንነጋገርበት ይህን ክር ከፍቻለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መሬቱን፣ 1,100 ኤከር ያህሉን፣ በ1778 የገዛው ጆን ፓርክ ከስቲስ ነው። የጆርጅ ዋሽንግተን ሚስት ማርታ ከመጀመሪያ ባሏ የወለደችው ልጅ ነበር። በ1781 በዮርክታውን ጦር ሰፈር በያዘው ወረርሽኝ ሲሞት የጥቂት ወራት ሕፃን ትቶ ሄደ። ሕፃኑ ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክ ከስቲስ ይባላል፤ አያቱ ማርታና እንጀራ አያቱ ዋሽንግተን በርስታቸው በማውንት ቨርነን አሳደጉት። ማርታ በ1802 ስታርፍ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ነበር። የአባቱን መሬት ተረከበና በዚያው ዓመት ግንባታ ጀመረ። በመጀመሪያ «ማውንት ዋሽንግተን» ሊለው አስቦ ነበር፤ በኋላ ግን በቤተሰቡ የቀድሞ ርስት ስም አርሊንግተን አለው።

ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የአሳዳጊውን ስም ሲያከብር ኖረ። ዋሽንግተን የሞተበትን አልጋ፣ በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ጊዜ ያደረበትን ድንኳን፣ የገበታ ዕቃውን፣ ሥዕሎቹን ሰብስቦ ቤቱን የዋሽንግተን ቤተ መዘክር አደረገው። እንግዳ በመጣ ቁጥር እያዞረ ያሳይ ነበር። ይህን ስናነሳ ግን ዋሽንግተን በኑዛዜው የራሱን ባሮች ነጻ ሲያወጣ የማርታ የመጀመሪያ ባል ውርስ የሆኑትን ነጻ የማውጣት ሥልጣን እንዳልነበረው ማስታወስ ያስፈልጋል። እነዚያ ሰዎች ማርታ ስትሞት ለልጅ ልጆቿ ተከፋፈሉ። የአርሊንግተንን ጡብ የሠሩት፣ ዛፉን የቆረጡት፣ ግድግዳውን ያቆሙት ከእነርሱ መካከል ወደ ከስቲስ የደረሱት ናቸው።

አርክቴክቱ፦

ስለ ሕንፃው ልጨምር፤ ሙያዬ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ንድፉን የሠራው ጆርጅ ሃድፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ቀደም ብሎ የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ የካፒቶል ግንባታ ተቆጣጣሪ ነበር። ቤቱ በአንድ ጊዜ አልተገነባም። በ1802 የሰሜኑ ክንፍ ተጀመረ፤ በ1804 የደቡቡ ክንፍ ተከተለ። መካከለኛው ትልቁ ክፍል ከእነ ዓምዶቹ የተጠናቀቀው በ1818 ነው። ከስቲስ ገንዘብ እያጠረው ስለነበር ለዓመታት ሁለቱ ክንፎች መሐላቸው ባዶ ሆኖ ቆመዋል፤ ባለቤቶቹም በክንፎቹ ውስጥ ይኖሩ ነበር።

ፊት ለፊቱ 43 ሜትር ያህል ይረዝማል። ዓምዶቹ ስምንት ናቸው፤ የጥንት ግሪክ ቤተ መቅደስ አምሳያ ናቸው። ከሩቅ ዕብነ በረድ የሚመስሉት ግን በጡብ ተሠርተው በኖራና በሲሚንቶ ከተለሰኑ በኋላ የዕብነ በረድ ደም ሥር የተሣለባቸው ናቸው። ግድግዳውም እንዲሁ ጡብ ሆኖ በላዩ ላይ የጥርብ ድንጋይ መስመር ተጭሮበታል። ሃድፊልድ ቤቱን ከወንዙ ማዶ ካለው ከተማ እንዲታይ አድርጎ ነው የነደፈው። በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ገና ጭቃ የበዛበት አዲስ ከተማ ነበር፤ ኮረብታው ላይ ያለውን ቤት የሚጋርደው ነገር አልነበረም። እኔ በዚያ ፊት ለፊት ስቆም የማደንቀው የጡብ ሠራተኞቹን ነው። ሸክላው ከዚያው መሬት ተቆፍሮ፣ ጡቡ እዚያው ተተኩሶ፣ እንጨቱም ከዚያው ደን ወጥቶ ነው የተሠራው። ሁለት መቶ ዓመት ቆሟል።

ከኋላ በኩል ሁለት ዝቅ ያሉ ቤቶች አሉ፤ በባርነት የተያዙት ሰዎች የሚኖሩበትና ምግብ የሚበስልበት ነበር። ለጎብኚ የምመክረው ከእነርሱ እንዲጀምር ነው።

ዳኛቸው ከአትላንታ፦

ጽሑፉ መልካም ነው፤ ግን ስለ ሊ ትንሽ አላግባብ የሄዳችሁ ይመስለኛል። ሰውየው በ1831 የከስቲስን አንድያ ልጅ ሜሪን በዚያው ቤት አዳራሽ አገባ፤ ከሰባት ልጆቹ ስድስቱ እዚያ ተወለዱ። በኤፕሪል 1861 ከአሜሪካ ጦር የመልቀቂያ ደብዳቤውን የጻፈውም እዚያው ነው። ሠላሳ ዓመት ቤቴ ያለውን ቤት በስሙ ብንጠራው ምን ያስከፋል? ደግሞም ሊ በ1856 ለሚስቱ በጻፈው ደብዳቤ ባርነትን የሞራልና የፖለቲካ ክፋት ብሎታል። የባሮቹንም የነጻነት ወረቀት ፈርሟል። አንድን ሰው ከዘመኑ ነቅለን መፍረድ ይከብዳል።

ሕግ አጥኚ (ከአዲስ አበባ)፦

አቶ ዳኛቸው፣ በአክብሮት፣ ያነሱት ደብዳቤ ቀጣይ ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ሊ በዚያው ደብዳቤ ባርነት ከጥቁሩ ይልቅ ነጩን የበለጠ እንደሚጎዳ፣ ጥቁሮቹም ከአፍሪካ ይልቅ አሜሪካ ውስጥ የተሻለ ኑሮ እንዳላቸው፣ ሥቃዩም ለትምህርታቸው አስፈላጊ እንደሆነ ጽፏል። ደብዳቤው ሙሉውን ሲነበብ ለባርነት ትዕግሥትን የሚሰብክ ነው።

አሁን ወደ ባለቤትነቱ እንምጣ፤ ጉዳዩ የሚገለጠው በኑዛዜው ላይ ነው። ከስቲስ በኦክቶበር 1857 ሞተ። ቤቱንና መሬቱን ለልጁ ለሜሪ በሕይወት እስካለች ድረስ እንድትጠቀምበት ሰጣት። በእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቋንቋ የአላባ መብት የምንለው ዓይነት ነው። ከእርሷ በኋላ ባለቤትነቱ በቀጥታ ለመጀመሪያ ወንድ ልጇ ለጆርጅ ዋሽንግተን ከስቲስ ሊ ያልፋል። ሮበርት ሊ በኑዛዜው የተሰጠው ሥራ የኑዛዜ አስፈጻሚነት ነው። የክሩ ባለቤት ሊ ባለቤት አልነበረም ያሉት ከዚህ የተነሣ ነው፤ ሕጋዊ መሠረት አለው።

ኑዛዜው ሌላም ነገር አዟል። በከስቲስ ሦስት ርስቶች ላይ የነበሩት ሁለት መቶ ያህል በባርነት የተያዙ ሰዎች ቢበዛ በአምስት ዓመት ውስጥ ነጻ ይወጡ ብሏል። ግን ለአራቱ ሴት የልጅ ልጆቹ ለእያንዳንዳቸው 10,000 ዶላር እንዲከፈልም አዟል፤ ርስቱ ደግሞ በዕዳ ተይዞ ነበር። ሊ ገንዘቡን ለማግኘት የመረጠው መንገድ ሰዎቹን ይበልጥ ማሠራትና የተወሰኑትን ለሌሎች ማከራየት ነው። ቤተሰቦች ተለያዩ። አምስቱን ዓመት ለማራዘም ፍርድ ቤት ሳይቀር ጠይቆ ነበር፤ አልተፈቀደለትም። የነጻነት ሰነዱን ያቀረበው በዲሴምበር 29 ቀን 1862 ነው። ቀነ ገደቡ አልፎ፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን የባሮችን የነጻነት አዋጅ ሊያውጅ ሦስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። አርሊንግተን ራሱ በዚያ ጊዜ በሰሜኑ ጦር እጅ ከገባ ዓመት ከመንፈቅ አልፎት ነበር።

እናት ዓለም፦

እኔ ደግሞ የዌስሊ ኖሪስን ነገር ካላነሳሁ አላርፍም።

የአርሊንግተን ሰዎች ከስቲስ ሲሞት ወዲያው ነጻ እንደሚወጡ በራሱ አንደበት ተነግሯቸው ነበርና አዲሱ ጌታ አምስት ዓመት ትቆያላችሁ ሲላቸው እንደ ክህደት ቆጠሩት። በ1859 ዌስሊ ኖሪስ፣ እህቱ ሜሪና አንድ የአጎታቸው ልጅ ወደ ሰሜን ሸሹ። ሜሪላንድ ውስጥ ተያዙ። ኖሪስ በ1866 በሰጠው ቃል እንደተናገረው ሊ ወንዶቹ ሃምሳ ሃምሳ፣ እህቱ ሃያ ጅራፍ እንዲገረፉ አዘዘ፤ ቆሞም እያየ ጠንክረህ ግረፍ ይል ነበር፤ ከዚያ ቁስላቸው በጨው ውሃ ይታጠብ አለ። ይህ የሆነው በዚያው ዓምደ ብዙ ቤት ግቢ ነው።

ከዘመኑ ነቅለን አንፍረድ ለሚሉኝ ወንድሜ መልሴ ይህ ነው፦ ዌስሊ ኖሪስም የዚያው ዘመን ሰው ነው። እህቱም የዚያው ዘመን ሰው ናት። በዘመኑ መመዘኛ እንፍረድ ካልን የእነርሱ መመዘኛ ለምን ይቀራል? ኖሪስ ከጦርነቱ በኋላ ወደ አርሊንግተን ተመልሶ በመቃብሩ ስፍራ ተቀጥሮ ሠርቷል። ያ ግቢ ከእርሱ ይልቅ የሊ ነው ብሎ የሚነግረኝ ሰው አጥብቆ ሊያስረዳኝ ይገባል።

ጥያቄ አለኝ፦

ተማሪ ነኝ፤ ክሩን በጉጉት እየተከታተልኩ ነው። ሁለት ነገር አልገባኝም። አንደኛ፣ ቤቱ ከቤተሰቡ እጅ ወጥቶ መቃብር የሆነው እንዴት ነው? ሁለተኛ፣ የቤቱ ዕቃ፣ የዋሽንግተን ድንኳንና አልጋ፣ በጦርነቱ ጊዜ የት ደረሰ?

እናት ዓለም፦

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ፤ የምወዳት ሴት ታሪክ ስለሆነ።

ሴሊና ግሬይ ትባላለች። ከነባለቤቷ ከቶርንተንና ከስምንት ልጆቿ ጋር ቅድም አርክቴክቱ ከጠቀሳቸው የኋላ ቤቶች በአንዱ ክፍል ውስጥ ትኖር ነበር። የሜሪ ሊ የቅርብ አገልጋይ ነበረች፤ ማንበብና መጻፍም ታውቅ ነበር። ሠርጓ የተደረገው ሜሪ ሊ በተዳረችበት በዚያው አዳራሽ ነው። በሜይ 1861 ሜሪ ሊ የሰሜኑ ጦር እየቀረበ ነው ተብላ ቤቱን ለቅቃ ስትሄድ የቤቱን ቁልፍ ሁሉ ለሴሊና ሰጠቻት። ቤቱን የሚጠብቅ ሰው ሲታጣ ኃላፊነቱ በባርነት በተያዘች ሴት ላይ ወደቀ።

ወታደሮቹ ወንዙን ተሻግረው ግቢውን ሞሉት። ከዚያ ሴሊና ከምድር ቤት ተቆልፎባቸው የነበሩት የዋሽንግተን ዕቃዎች እየተሰረቁ መሆኑን አየች። ዝም አላለችም። የሰሜኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ማክዳውል ዘንድ ቀርባ ምን እንደጠፋ ለይታ ነገረችው። እርሱም የቀረው ዕቃ ተጭኖ ዋሽንግተን ከተማ ወደሚገኘው የፓተንት (የፈጠራ መብት) መሥሪያ ቤት ሄዶ በአደራ እንዲቀመጥ አዘዘ። ዛሬ በሙዚየም የሚታዩት ቅርሶች የተረፉት በእርሷ ድፍረት ነው። የጦር ሠራዊት በሞላበት ግቢ፣ ነጻነቷ ገና ያልተረጋገጠ እናት፣ ጄኔራል ፊት ቆማ ስለ ሌላ ሰው ንብረት አደራ ስትናገር አስቡት።

ከጦርነቱ በኋላ ሴሊናና ባሏ በአቅራቢያው መሬት ገዝተው አትክልት እያመረቱ ኖሩ። በ1872 ለሜሪ ሊ የጻፈችው ደብዳቤ ዛሬም አለ። ከልጆቿ ጋር የተነሣችው አንድ ፎቶግራፍ ደግሞ በ2014 በኢንተርኔት ጨረታ ላይ ተገኝቶ ወደ ቤቱ ተመልሷል።

ሕግ አጥኚ፦

የመጀመሪያው ጥያቄ የእኔ ነው።

በ1862 የአሜሪካ ምክር ቤት ባመፁት ግዛቶች ባለ መሬት ላይ የመሬት ግብር ጣለ። በአርሊንግተን ላይ የተወሰነው ግብር 92 ዶላር ከ7 ሳንቲም ነበር። ለባለጸጋ ቤተሰብ ምንም ማለት አይደለም። ግን ግብር ሰብሳቢዎቹ ክፍያውን ከባለቤቱ ከራሱ እጅ ካልሆነ አንቀበልም የሚል አሠራር አወጡ። ሜሪ ሊ በሪህ በሽታ መራመድ አቅቷት ከጦር ግንባሩ ማዶ ነበረች። የአጎት ልጅ ገንዘቡን ይዞ እንዲከፍል ላከች፤ ባለቤቷ ካልመጣች ተብሎ ተመለሰ። በጃንዋሪ 11 ቀን 1864 መሬቱ በሐራጅ ቀረበ። ብቸኛው ተጫራች የአሜሪካ መንግሥት ነበር፤ በ26,800 ዶላር ገዛው።

በዚያው ዓመት የዋሽንግተን ሆስፒታሎች በቆሰሉ ወታደሮች ተጨናንቀው የመቃብር ቦታ ጠፋ። የጦሩ ስንቅና ትጥቅ ኃላፊ ጄኔራል ሞንትጎመሪ ሜግስ ዓይኑን አርሊንግተን ላይ ጣለ። የጆርጂያ ተወላጅ ነው፤ በወጣትነቱ ከሊ ጋር ሠርቷል፤ ጦሩን ከድተው ለደቡብ የተሰለፉትን መኮንኖች ግን ይቅር አላለም። የመጀመሪያው ወታደር ዊልያም ክሪስትማን በሜይ 13 ቀን 1864 ተቀበረ፤ በጁን 15 ቦታው ብሔራዊ መቃብር ሆነ። ሜግስ መቃብሮቹ ከቤቱ ሥር እንዲሆኑ አጥብቆ አዘዘ። በሜሪ ሊ የጽጌረዳ አትክልት ዙሪያ መኮንኖች ተቀበሩ። በ1866 ደግሞ እዚያው አጠገብ ማንነታቸው ያልታወቀ የ2,111 ወታደሮች ዐፅም በአንድ መካነ መቃብር ገባ። ዓላማው ግልጽ ነበር፦ ቤተሰቡ ቢመለስ እንኳ ሊኖርበት እንዳይችል። የሜግስ የራሱ ልጅም በጦርነቱ ተገድሎ ዛሬ እዚያው ነው ያለው።

ሜሪ ሊ በ1873 አንድ ጊዜ በሠረገላ ወደ አርሊንግተን መጣች። ከሠረገላው አልወረደችም፤ ወደ ቤቱ ሳትገባ ተመለሰች። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሞተች። የአላባ መብቷ በሞቷ ተቋረጠና ባለቤትነቱን የመጠየቅ መብት ወደ ልጇ ወደ ከስቲስ ሊ አለፈ።

የሚቀጥለውን በተለይ የሕግ ተማሪዎች እንድታነቡት እፈልጋለሁ። ከስቲስ ሊ እንደ አባቱ የደቡቡ ጦር ጄኔራል ነበር። ከተሸነፈው ወገን የሆነ ሰው አሸናፊውን መንግሥት መሬቴን ቀምተኸኛል ብሎ ከሰሰ። መንግሥት ያለ ፈቃዱ አይከሰስም የሚለው መርህ ስለነበር ክሱ የቀረበው ቦታውን በያዙት ሹማምንት ላይ ነው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በዲሴምበር 4 ቀን 1882 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ከስቲስ ሊ ረታ። የአብላጫውን ፍርድ የጻፈው ዳኛ ሳሙኤል ሚለር ሊንከን ራሱ የሾመው ሰው ነው። ግብሩን በወኪል አልቀበልም ማለት ሕገ ወጥ ስለነበር ሐራጁ ፈረሰ። ሚለር በዚህ አገር ከሕግ በላይ የሆነ ሰው የለም፤ የመንግሥት ሹማምንት ሁሉ የሕግ ፍጡሮች ናቸው ሲል የጻፈው እዚህ ፍርድ ውስጥ ነው። መንግሥት በሺዎች የሚቆጠሩ ወታደሮቹን በሰው መሬት ላይ ቀብሮ ተገኘ።

ከስቲስ ሊ ዐፅሙ ይነሣልኝ አላለም። በ1883 በ150,000 ዶላር ሸጠው። መሬቱን በመንግሥት ስም የተረከበው የጦር ሚኒስትር ሮበርት ቶድ ሊንከን ነው፤ የአብርሃም ሊንከን ልጅ።

ዳኛቸው ከአትላንታ፦

ስለ ፍርዱ ዝርዝር አመሰግናለሁ። የጅራፉን ታሪክ ብዙ ጸሐፊዎች የጠላት ወሬ ነው ሲሉ አንብቤ ነበር፤ ኖሪስ ራሱ በስሙ የሰጠው ቃል መኖሩ ግን ከባድ ማስረጃ ነው። በአንድ ነገር ላይ ግን እጸናለሁ፤ ቤቱ ከሊ ጋር ያለውን ግንኙነት መደምሰስ ትክክል አይደለም። የ1955ቱ ሕግ መታሰቢያ ያደረገለት ከጦርነቱ በኋላ ወገኖቹ መሣሪያቸውን አስቀምጠው እንዲታረቁ ስላበረታታ ነው።

እናት ዓለም፦

ማንም ይደምሰስ አላለም፣ ወንድሜ። እርቅ ካልን ግን ከማን ጋር? በዚያ ሕግ የታሰበው የነጭ ሰሜንና የነጭ ደቡብ እርቅ ነው። በዚያ ቤት የተገረፉት፣ የተከራዩት፣ የተለያዩት የሕጉ አካል አልነበሩም።

እስቲ የማሪያ ሳይፋክስን ነገር ስሙኝ። እናቷ አሪያና ካርተር በባርነት የተያዘች የቤት አገልጋይ ነበረች። አባቷ ጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክ ከስቲስ፣ የቤቱ ጌታ ነው። ቤቱን የሚያስተዳድረው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎትም ይህን ተቀብሎ ለጎብኚዎች ይናገራል። እንግዲህ ማሪያ የሜሪ ሊ እህት ናት ማለት ነው። ሁለቱም በአንድ አዳራሽ ተዳሩ፤ ማሪያ በ1821፣ ሜሪ ከአሥር ዓመት በኋላ። አንዷ ርስቱን ወረሰች፤ ሌላዋ ራሷ የርስቱ አካል ሆና ተቆጥራ ነበር። ከስቲስ በ1820ዎቹ ማሪያንና ልጆቿን ነጻ አውጥቶ ከርስቱ ጥግ 17 ኤከር ያህል መሬት ሰጣት። ባሏ ቻርልስ ሳይፋክስ ግን የቤቱ የምግብ አዳራሽ ኃላፊ ሆኖ በባርነት ቀረ፤ ነጻ የወጣው ከሁሉም ጋር ነው።

መሬቱን ሲሰጣት ሰነድ አልጻፈላትም። መንግሥት በ1864 ርስቱን በሐራጅ ሲገዛ የማሪያ 17 ኤከርም አብሮ ተጠቀለለ። ልጇ ዊልያም ሳይፋክስ በአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር ይሠራ ነበርና ለምክር ቤቱ አቤቱታ አቀረበ። በ1866 ምክር ቤቱ መሬቱ ለማሪያ እንዲመለስ ሕግ አወጣ። ከስቲስ ሊ ገና ፍርድ ቤት ሳይደርስ በፊት ከአርሊንግተን መሬት ድርሻዋን አስከብራ የወሰደች የከስቲስ ልጅ እርሷ ናት።

የፖቶማኩ፦

እናት ዓለም፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እኔም ወደ ነጻዎቹ መንደር ልሻገር፤ የእኔ ሰፈር ታሪክ ከዚያ ነው የሚቀጥለውና።

በ1863 ከባርነት አምልጠው ዋሽንግተን የሞሉት ሰዎች በበሽታ እያለቁ ስለነበር መንግሥት በአርሊንግተን ርስት ደቡባዊ ክፍል ፍሪድማንስ ቪሌጅ የተባለ መንደር ሠራ። በዲሴምበር 1863 ተመረቀ። ለጊዜው ተብሎ የተሠራ ነበር። ግን ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ የአረጋውያን መጦሪያና ቤተ ክርስቲያን ያለው መንደር ሆነ። ነዋሪዎቹ ኪራይ ይከፍሉ ነበር፤ መሬቱን ያርሱ ነበር። ከባርነት ወጥታ ባርነትን የታገለችው ሶጆርነር ትሩዝ መጥታ አንድ ዓመት ያህል አብራቸው ኖራለች። የከስቲስ ባሮች ከነበሩት ውስጥም እዚያ የገቡ አሉ። አስቡት፤ በጅራፍ ያረሱትን መሬት አሁን ለራሳቸው ማረስ ጀመሩ።

ከ1882ቱ ፍርድ በኋላ ግን መሬቱ የመንግሥት ንብረት ሆኖ ሲጸና መንደሩ እንዲነሣ ግፊት በረታ። በ1900 ተዘጋ። ለቤቶቻቸውና ቀድሞ ለከፈሉት ቀረጥ በድምሩ 75,000 ዶላር ተከፈላቸው። ይህን ቁጥር ለከስቲስ ሊ ከተከፈለው 150,000 ጎን አስቀምጡት። አንዱ ሰው የተቀበለው አንድ መንደር ሙሉ ሕዝብ ከተቀበለው እጥፍ ነው። ሰዎቹ በአካባቢው ተበተኑና ግሪን ቫሊን፣ ጆንሰንስ ሂልን፣ ኩዊን ሲቲን የመሳሰሉ ሰፈሮችን አቀኑ። ኩዊን ሲቲ ደግሞ በ1942 ለፔንታጎን መንገዶች ሲባል ፈረሰ። ሁለተኛ ጊዜ ተነሡ ማለት ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ኮሎምቢያ ፓይክ ላይ ሱቅ ስንከፍት፣ ቤት ስንከራይ፣ ልጅ ስናሳድግ የሰፈራችን መሠረት እነዚህ ሰዎች እንደሆኑ ማወቅ ይገባናል። በመንገዱ ላይ የሚያልፈው የዋሽንግተን ቡሌቫርድ ድልድይ ዛሬ በዚያ መንደር ስም ይጠራል።

ጋሽ ታደለ፦

ልጆቼ፣ በዕድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ፤ አንድ ነገር ላስታውሳችሁ። ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተቀበሩት ከዚህ ቤት ፊት ለፊት ካለው ቁልቁለት ላይ ነው። ከመሞታቸው ወራት አስቀድሞ ቤቱን ጎብኝተው የከተማውን ዕይታ በጣም ወደውት እንደነበር ይነገራል። በኖቬምበር 25 ቀን 1963 ሲቀበሩ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከፈረንሳዩ ደጎል ጎን በመቃብሩ ላይ ቆመው ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ኬኔዲ ንጉሡን በዋሽንግተን ተቀብለው አስተናግደው ነበርና ሐዘኑ ለእኛም ቅርብ ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ንጉሡን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ከበላያቸው ያለው ኮረብታ ምን ያህል ታሪክ እንደተሸከመ ግን የተረዳሁት ዛሬ ከእናንተ ነው።

አርክቴክቱ፦

ጋሽ ታደለ፣ ዕድሜ ይስጥልን።

ስለ ቤቱ እድሳት የቀረ ነገር አለ። ከ1864 በኋላ ቤቱ ለስድሳ ዓመት ያህል የመቃብሩ አስተዳደር ቢሮና መኖሪያ ነበር። በ1925 ምክር ቤቱ ወደ ቀድሞ መልኩ እንዲመለስ ወሰነ። ዕቃው ተበትኗል፤ ክፍሎቹ ተለዋውጠዋል። እድሳቱን የሚመሩት ሰዎች ማንን ጠየቁ? ጄምስ ፓርክስን ጠየቁ። በርስቱ ላይ በባርነት ተወልዶ፣ በ1864 የመጀመሪያዎቹን መቃብሮች ቆፍሮ፣ ዕድሜውን በሙሉ እዚያው የሠራ ሰው ነው። ጉድጓዱ የት ነበር፣ ጎተራው የት ነበር፣ የባሮቹ መቃብር የት ነበር፣ ሁሉን ያውቅ ነበር። የሴሊና ግሬይ ሴት ልጆችንም ጠየቁ፤ እነርሱም የእናታቸውን ክፍልና የቤቱን ዕቃ አቀማመጥ ከልጅነት ትዝታቸው ተናገሩ። ዛሬ ጎብኚ የሚያየው ቤት በእነዚህ ሰዎች ቃል የተመለሰ ቤት ነው። ፓርክስ በ1929 ሲሞት በጦር ሚኒስትሩ ልዩ ፈቃድ በወታደራዊ ክብር እዚያው ተቀበረ። በመቃብሩ ስፍራ ከተቀበሩት ከ400,000 በላይ ሰዎች መካከል በዚያው ርስት ላይ የተወለደ እርሱ ብቻ ነው።

ከዚያ በ1933 ቤቱ ለብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ተላለፈ፤ በ1972 አሁን ያለውን ስም ያዘ። ከ2018 እስከ 2021 በአንድ በጎ አድራጊ የ12.35 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ታድሶ ሲከፈት የኋላዎቹ ቤቶች እንደ ዋናው ቤት ተጠንተው የነዋሪዎቻቸው ታሪክ ገባባቸው። እንደ ባለሙያ ትልቁ ለውጥ ይህ ነው እላለሁ።

ሕግ አጥኚ፦

ስሙም ገና ያልተዘጋ መዝገብ ነው። በባርነት የተያዙት ሰዎች ዘሮች ባቀረቡት ጥያቄ የሰሜን ቨርጂኒያ ተወካይ ዶን ቤየር የሊን ስም ከቤቱ ሕጋዊ መጠሪያ የሚያነሣ ረቂቅ ለምክር ቤት አቅርበዋል። የሚጠይቁት አርሊንግተን ሃውስ ብቻ ተብሎ እንዲጠራ ነው። እኔ በሕግ ዓይን ሳየው ትክክለኛ ጥያቄ ይመስለኛል፤ ከስቲስ ያወጣለት ስም እርሱ ነውና። ሊ በቤቱ ታሪክ ውስጥ ይቀራል፤ አማች፣ ኑዛዜ አስፈጻሚ፣ ደብዳቤውን የጻፈ መኮንን ሆኖ።

ዳኛቸው ከአትላንታ፦

በስሙ ላይ ልስማማ እችላለሁ። ከስቲስ ያወጣው ስም ነው የሚለው ክርክር አሳማኝ ነው። ታሪኩ በሙሉ እስከተነገረ ድረስ።

ጥያቄ አለኝ፦

አክስቴ አሌክሳንድሪያ ነው የምትኖረው። በሚቀጥለው ክረምት ስመጣ መጎብኘት እፈልጋለሁ። እንዴት ልሂድ? ከየት ልጀምር?

የፖቶማኩ፦

ከአሌክሳንድሪያ በሰማያዊው ባቡር መስመር ተሳፍረህ አርሊንግተን መቃብር በሚለው ጣቢያ ውረድ። መግቢያው ክፍያ የለውም፤ መታወቂያ ግን ያዝ። ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ዳገት ስለሆነ ውሃ አትርሳ፤ የኬኔዲ መቃብር በመንገድህ ላይ ነው። ስትደርስ የአርክቴክቱን ምክር ተከተልና ከኋላ ባሉት ቤቶች ጀምር፤ የሴሊና ግሬይን ቤተሰብ ክፍል እዚያ ታገኘዋለህ። ቀጥሎ አዳራሹን እይ፤ ማሪያ ሳይፋክስ፣ ሜሪ ሊና ሴሊና ግሬይ የተዳሩበት ነው።

ጉልበት ከተረፈህ ወደ ክፍል 27 ሂድ። በግቢው ሰሜናዊ ጫፍ ስለሆነ ብዙ ጎብኚ አይደርስበትም። የጥቁር ወታደሮችና 3,800 ያህል ከባርነት የተላቀቁ ሰዎች እዚያ ተቀብረዋል። በብዙዎቹ ድንጋዮች ላይ ከስማቸው ሥር «ዜጋ» ወይም «ሲቪል» የሚል ተጽፏል። ከመሄድህ በፊት እዚህ ጻፍልኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ክፍት ስለሆንኩ እኔው ራሴ ይዤህ እወጣለሁ።